ለአውሮፕላን ምንጣፍ ስንመርጥ

ሰው ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ዐይኑ ወደ ላይ ነው። ክንፉን ያደንቃል፤ ድምፁን ያደንቃል፤ አብራሪውንማ ተዉት፣ ከመላእክት ወገን ሊቆጥረው ምንም አይቀረው። እስቲ ከመካከላችሁ ስለ አውሮፕላን ወለል አስቦ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። እግሬ የሚረግጠውን ነገር ማመስገን ያስተማረችኝ በደርግ ጊዜ ቢቸና ሜዳ ላይ ታርፍ የነበረች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ስለዚህ ዛሬ ስለ ምንጣፍ ላወራችሁ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔም በጊዜው ስቄያለሁ፤ የሳቅሁት ግን አባቴ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ነው።

ያን ጊዜ ሥራዬ ምን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የጣቢያ ተጠሪ» እባላለሁ። ስሙ ከነክራቫቱ የመጣ ነው። ሥራው ግን አውሮፕላኗ ከመምጣቷ በፊት ከሜዳው ላይ ከብት ማባረር፣ ስትመጣ ጭነት ማውረድ፣ ስትሄድ ጭነት መዝኖ መጫን፣ ሲያስፈልግም አብሮ በርሮ ጭነቱን ማድረስ፣ ከሄደች በኋላ ደግሞ «ዛሬ ምን ይዛ መጣች?» ለሚለው የቢቸና ሰው ሁሉ መልስ መስጠት ነበር። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ናት፤ ውስጧ ከላንድሮቨር ብዙም አይሰፋም። ክትባት ታመጣለች፤ ምርጥ ዘር ታመጣለች፤ ክረምት ገብቶ የጥቁር አፈሩ ጭቃ የመኪናውን መንገድ ሲውጠው ደግሞ ከቢቸናና ከሞጣ በሽተኛ እያነሣች ደብረ ማርቆስ ታደርሳለች።

የሚያበራት ካፒቴን ዳኛቸው የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ነገር ሲከብደው ጢሙን ያሻል። በዕድሜ ከእኔ እምብዛም ስለማይበልጥ አንተ እንባባላለን፤ ሰው ፊት ግን «ካፒቴን» እለው ነበር። እሱም ሰው ፊት «የጣቢያ ተጠሪ» ይለኛል። እንዲህ እየተከባበርን እንኖር ነበር።

መጀመሪያ ስትመጣ አውሮፕላኗ ወለሏ ላይ ግራጫ የሱፍ ምንጣፍ ነበራት። ለሚኒስትር የታሰበ ምንጣፍ ነው። እኛ የጫንበት ግን ሚኒስትር አይደለም። ቅቤ ጫንበት፤ ማር ጫንበት፤ በግ ጫንበት፤ ሆዱን የሚያመውና ከመሬት ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ጫንበት። ምንጣፉ ምንም ሳይመርጥ ሁሉንም ጠጣ። ጠጥቶም ዝም አላለም፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የጠጣውን ሁሉ በጠረኑ ይናገራል። አንድ ጊዜ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የተሳፈረ የእርሻ ባለሙያ ከአውሮፕላኗ ሲወርድ ሁለት ሰው ደግፎት ነው። በኋላ መካኒክ መጥቶ ምንጣፉን ሲገልጠው፣ ሥር የተጠራቀመው እርጥበት ብረቱን መብላት ጀምሯል። መካኒኩ ጠቅልሎ አወጣውና «በዚህ ዐይነት ከቀጠላችሁ አንድ ቀን በእግራችሁ እየሮጣችሁ ነው የምትበሩት» ብሎን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባዶ ብረት ሆነ። ባዶ ብረት ንጹሕ ነው፤ ቀላል ነው፤ ጭቃ የረገጠ ጫማ ሲገባበት ግን ሳሙና ነው። አንድ ቀን ከሞጣ ስንነሣ አንዲት በሽተኛ የተኛችበት ቃሬዛ ማሰሪያው ላላና ከፊት እስከ ኋላ ተንሸራትቶ ሄደ። ሴትዮዋ በእግዚአብሔር ቸርነት ከድንጋጤ በቀር ምንም አልሆነችም። ካፒቴን ዳኛቸው ግን ማርቆስ አርፎ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም። ጢሙን አሸ። ከዚያ «ወለል እስኪገኝ ድረስ ተኝቶ የሚሄድ በሽተኛ አልጭንም፤ መቀመጥ የሚችል ብቻ ይምጣ» አለ። ለአዲስ አበባ አሳወቅን። «የውጭ ምንዛሪ ሲፈቀድ ከውጭ ይገዛል» የሚል መልስ መጣ። በዚያ ዘመን የውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚፈቀድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ።

ነገሩ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ዝናብ ሲዘገይም ስብሰባ ነው፣ ሲበዛም ስብሰባ ነው፤ ለአውሮፕላን ምንጣፍማ እንዴት ይቀራል? አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ወለሏ ሐሳብ ነበረው። አንዱ የበግ ጠጉር ባና ይነጠፍ አለ፤ ሌላው የለም የበሬ ቆዳ፣ ጀንዲ ነው የሚሻለው አለ፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ምንም ይሁን ምን ቀለሙ ቀይ እንዲሆን አሳሰቡ። ካፒቴኑ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥቶ «ቀለሙን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ውኃ አይጠጣ፣ አያዳልጥ፣ አይክበድ» ብሎ ተቀመጠ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የስብሰባ ንግግሮች አጭሩ እሱ ነው።

እንዳትስቁባቸው። በማግሥቱ ማለዳ ያ ሁሉ ሰው ያለውን ተሸክሞ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ነበር። ልጆቹን የሚያስተኛበትን ጀንዲ ያመጣ አለ። አዲስ ሰሌን ከነጥቅሉ ያመጣች አለች። «ወስዳችሁ ካልሆናችሁ መልሱልኝ» ያለን ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ይሁንላችሁ» ነው ያለው። እኛም በየተራ ሞከርነው። ጀንዲው በብርዱ ደርቆ ጠርዙ እንደ ታንኳ ተቆልምሞ ተነሣ። ሰሌኑ ስንጥሩን እያራገፈ ወለሉ ሥር ከተተው፤ ካፒቴኑ በሽቦ እየጎረጎረ ሲያወጣ ዋለና «ይህ ስንጥር የጭራውን ገመድ ቢይዘው፣ ወዴት እንደምንሄድ የሚያውቀው ስንጥሩ ብቻ ነው» አለ። የጭነት መኪና ሸራ አነጠፍን፤ ዝናቡን ጠጥቶ ተጨማደደና ያ ምስኪን የእርሻ ባለሙያ ተጠልፎ ወደቀ። (ይህ ሰው ከአውሮፕላናችን ጋር ፈጽሞ አልተስማማም።) ከመኪና ጎማ የተላጠ ላስቲክ አመጣን፤ አላዳለጠም፣ አልጠጣም፤ ሚዛን ላይ ስናወጣው ግን ካፒቴኑ ጢሙን አሸና «ይህን ከጫንሁ አንድ በሽተኛ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው» አለ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለእኔ ጨዋታ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከቢቸና ወጣ ብላ ካለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ሁሉም ሰው የኔታ ስለሚላቸው እኔም ልጃቸው ሆኜ የኔታ ነው የምላቸው። አንድ የሐምሌ ማለዳ ከቅዳሴ ሲወጡ የደጀ ሰላሙ ቁልቁለት አዳለጣቸውና ወደቁ። ጭናቸው ተሰበረ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ እግራቸውን በሳንቃ አሥሮ ሲጨርስ ወደ ውጭ ጠራኝና «ስሜነህ፣ ሆስፒታል መግባት አለባቸው። መቀመጥ አይችሉም። በዚህ መንገድ በመኪና ካንገላታሃቸው ደግሞ አጥንቱ ሥጋውን ቀዶ ይወጣል» አለኝ።

ወደ ካፒቴን ዳኛቸው ሮጥሁ። ነገርሁት። ጢሙን አሸ።

«ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ እላለሁ» አለኝ። «ያንተ አባት ሲሆኑ እንዴት እሺ ልበል?»

«እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቃሬዛውን እይዛለሁ!»

«አንተንስ ማን ይይዝሃል?»

ተናድጄ ትቼው ሄድሁ። ለአባቴ ስነግራቸው ያዝኑልኛል፣ አብረውኝ ይረግሙታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከሕመማቸው ጋር እየታገሉ ፈገግ አሉ። «ልጁ እውነቱን ነው። በምድር ያዳለጠኝ ይበቃኛል፤ በሰማይ ደግሞ አልጨምርም» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሕመሙ ሲብስባቸው ፊታቸውን እንደሚያዞሩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ክትባት ይዘን ሞጣ አረፍን። ጭነቱን አውርደን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደ፤ ጉሙም መጥቶ ሜዳው ላይ ተኛ። ካፒቴኑ ሰማዩን አየና «እስኪገለጥ መጠበቅ ነው» አለ። ከሜዳው አጠገብ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጡ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ አያት ቅድመ አያታቸው ሞጣ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሱቃቸው ደጅ ሆነው በእጃቸው ጠሩን።

«ቤት እያለ ዝናብ ላይ? ግቡ እንጂ! ዘሐራ፣ ሻይ ጣጂ!»

አዲስ ቤት ሠርተዋል። ከመከር በኋላ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ቤቱም የተሠራው ለዚሁ ነው። ደጃፉ ላይ ጫማችንን አስወለቁን። እኔ የካልሲዬን ቀዳዳ በሌላው እግሬ ለመሸፈን እየታገልሁ ወደ ሳሎኑ ገባሁና አንድ እግሬን አሳረፍሁ። ቆምሁ። ሌላውንም አሳረፍሁ። ወለሉ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ፊቱ ምስር በሚያካክሉ ጉብታዎች የተሞላ። በዝናብ የራሰው ካልሲዬ እንደ ተጣበቀ ያዘ። ገፋ አድርጌ ሞከርሁት፤ እምቢ አለ። ወደ ካፒቴኑ ዞር ስል እሱም አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ ወለሉን እየገፋ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ደስ አላቸው። «አያችሁት አይደል? ከአዲስ አበባ ነው ያመጣሁት። ዓባይን ቁልቁል ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሽቅብ እስክወጣ ድረስ ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁ፤ ሰው ዕቃ እንዳይጭንበት» አሉን። ማለዳ ማለዳ እሳቸው ራሳቸው በጨርቅ እንደሚወለውሉትም ነገሩን። ለሙሽራዪቱ ያን ያህል ሲጨነቁ አልሰማሁም።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ሻይ፣ ዳቦና ማር አቀረቡ። ለክርስቲያን እንግዳ ምን እንደሚቀርብና ምን እንደማይቀርብ ከእኛ ይበልጥ ያውቁበታል። እኔ ግን ዳቦውን ይዤ ዐይኔ ከወለሉ አልነሣ አለ። እትዬ ዘሐራ አዩኝ።

«ምነው ልጄ? ምን ወድቆ አየህ? ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የተወለወለው!»

«ኧረ የለም እትዬ! ንጽሕናው ገርሞኝ ነው።»

እኔ ነገሩን ዙሪያውን እየዞርሁ በወግ ላነሣው ሳስብ፣ ካፒቴን ዳኛቸው ብርጭቆውን አዘንብሎ ሻዩን ወለሉ ላይ አፈሰሰው። አልሳትሁም፤ አፈሰሰው ነው የምላችሁ። ከዚያ ተንበርክኮ ሻዩን አየ። ሻዩ እንደ ፈሰሰ ተኝቷል፤ የሰረገ ነገር የለም። በመሐረቡ ጠረገው፤ ደረቅ። ጋሽ እንድሪስ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሆን ብዬ ነው» አለ ካፒቴኑ። ዝምተኛው ሰው ያን ቀን አፉ ተፈታ። ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ባዶው ብረት፣ ስለ ተንሸራተተችው በሽተኛ፣ ቢቸና ላይ እግራቸው ተሰብሮ ስለ ተኙት አባቴ ሁሉንም ነገራቸው። 

«ትርፍ ቁራጭማ ነበረኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ወለሉን በእጃቸው እየዳበሱ። «የጁቤ ከተማ ላለው ወንድሜ ሰጠሁት፤ ለጠረጴዛ ልብስ አደረገው። እሱም የክንድ ያህል ነው።»

«ለማንኛውም አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለ ካፒቴኑ። «እሳት ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። አየር ላይ የሚነድ ወለል ከባዶ ብረት ይብሳል። የሚነድ ከሆነ አልፈልገውም።»

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸው ፈካ። «እህ! እንግዲህ ፕላስቲክ አይደለም? መንደዱ የት ይቀራል! በሉ ሻያችሁን ጠጡ፤ ካፒቴን፣ ላንተም ሌላ ይቀዳል።»

 እትዬ ዘሐራ ተነሡና የሻዩ ማንቆርቆሪያ ከተጣደበት ማንደጃ አንድ የጋለ ፍም በመቆንጠጫ አነሡ፤ ይዘውት ሄደው ከቡፌው አጠገብ፣ አዲሱ ወለላቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዘሐራ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ስማቸውን ብቻ ነው ያሉት፤ ሌላው ሁሉ ግን ድምፃቸው ውስጥ ነበር።

ፕላስቲኩ ጨሰ፤ ከረፋ፤ ከፍሙ ዙሪያ ጠቆረ። አራታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ነበልባል አልተነሣም። ጥቁረቱም አልተስፋፋም። ፍሙ እዚያው ደክሞ ዐመድ ሆነ። እትዬ ዘሐራ ዐመዱን አነሡና ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«አልነደደም» አሉ። በሐዘን ይሁን በደስታ መለየት አልቻልሁም። ከዚያ እንደ ተንበረከኩ፣ ለባላቸው ይሁን ለእኛ ሳይለይ፣ እንዲህ አሉ፦ «እህቴ ዘይነባ ምጥ ይዟት ከጉንደ ወይን በቃሬዛ ወደ እኔ ስትመጣ ክረምት ነበር። የሚሸከማት ሰው አልጠፋም፤ አገሩ በሙሉ ነው የወጣላት። መንገዱ ነው የጠፋው። ወንዙ እስኪጎድል ቆመው ሲጠብቁ እዚያው ዳር ላይ አለፈች። ያኔ አውሮፕላን አልነበረም። አሁን አውሮፕላን እያለ ሰው ምንጣፍ አጥቶ ሊሞት ነው እንዴ?»

ጋሽ እንድሪስ ተነሥተው ወጡ። በመስኮቱ አየናቸው፤ ከጣራው ጠፈር ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውን ዝናቡን እያዩ ቆመዋል። ካፒቴኑ «እንሂድ፤ ቤት አናፍርስ» ብሎ ሹክ አለኝ። ጫማዬን ለማንሣት ጎንበስ ስል ጋሽ እንድሪስ ተመለሱ። እጃቸው ላይ ሰፊ ቢላ አለ።

«ሌላ ሰው አይነካትም» አሉ። «እኔ ነኝ የምቆርጣት።»

ካፒቴኑ የአውሮፕላኗን ወለል ልክ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አውጥቶ ነበርና ሮጬ አመጣሁት። ከጠርዝ ሊቆርጡ ሲያመቻቹ ችግር መጣ። ግራና ቀኙ እየተቀጠለ የተነጠፈ ነው፤ መገጣጠሚያ ካለው ደግሞ ውኃ ይገባል። ሳይቀጠል አንድ ወጥ ሆኖ የተነጠፈው የሳሎኑ መሐል ብቻ ነው። ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን ሳሎናቸው መሐል አነጠፉ፤ «ቢስሚላህ» አሉና ቢላውን አሳረፉ። እንዴት አድርገው እንደ ቆረጡት! በየማዕዘኑ እያረፉ፣ በየወንበሩ እግር ልክ እየፈለፈሉ፣ አንድም ቦታ ሳያዛንፉ። እኔ ዐይናቸውን ላለማየት የቡፌውን ብርጭቆዎች አይ ነበር። ሲያነሡት ከሥሩ ግራጫው ሊሾ ብቅ አለ፤ ፊቱ ጠበብ፣ ኋላው ሰፋ ያለ፣ ጎንና ጎኑ የተሸራረፈ ቀዳዳ፣ ልጃቸውን ሊድሩበት ባሰቡት ሳሎን መሐል።

«ምን ብለን እናመስግናችሁ?» አልሁ። 

«አባትህ ሲድኑ አመስግን» አሉኝ እትዬ ዘሐራ። «አሁን ጉሙ ሳይመለስ ሂዱ።»

ዝናቡ ሲያባራ ወለሉን በማስቲሽ አጣብቀን ቢቸና ተመለስን። በማግሥቱ ማለዳ የኔታን በቃሬዛ አስገባናቸው። ጎናቸው ተቀመጥሁ። አውሮፕላኗ ሜዳውን እየዘለለች ስትሮጥ ቃሬዛውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመጀመሪያው እየጀመርሁ ሳልጨርስ ሌላውን እየያዝሁ ነበር። ተነሣች። ዐይኔን ስገልጥ ቃሬዛው ካስቀመጥንበት አልተነቃነቀም።

የኔታ እንደ ተኙ እጃቸውን ወደ ወለሉ አውርደው ጉብታዎቹን እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ እየዳሰሱ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ ከሞተሩ ድምፅ በላይ።

«የእትዬ ዘሐራ ሳሎን ነው፣ የኔታ!»

«ሕመሙ አእምሮዬን ነክቶት ይሆን?» ብለው ራሳቸውን ተጠራጠሩ መሰለኝ፤ ማርቆስ እስክንደርስ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ከተኙ በኋላ ግን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስነገሩኝ። የሰውየውንም፣ የሴትዮዋንም ስም እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ጸሎታቸው ውስጥ ያስገቧቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኔም «የኔታ፣ ሙስሊሞች እኮ ናቸው» አላልሁም፤ እሳቸውም «ክርስቲያን ናቸው ወይ?» አላሉኝም።

እግራቸው ድኖ በምርኩዝ መሄድ የጀመሩት መከሩ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ክረምት ከቢቸናና ከሞጣ ስንት ሰው በዚያ ወለል ላይ ተኝቶ እንደ ሄደ አልቈጠርሁም፤ የተንሸራተተ ግን አልነበረም። የኔታ ምርኩዛቸውን እንደ ያዙ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሞጣ የምትወስደኝ መቼ ነው?» ብለው ነው። ደግነቱ ካፒቴን ዳኛቸውም አልተኛም ነበር። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ሲያፈላልግ ከርሞ፣ ተመሳሳይ ፕላስቲክ አግኝቶ፣ በዚያው የሲሚንቶ ወረቀት ልክ አስቆርጦ አመጣ። ቀለሙ ብቻ ሰማያዊ ነው። ጠቅልዬ ተሸከምሁትና ሦስታችን ሞጣ ገባን።

ሠርጉ አልፏል። እንግዳው ሁሉ ቀዳዳውን እየዞረ ጨፍሮ ሄዷል። ጋሽ እንድሪስ ሰማያዊውን ፕላስቲክ ፈታ አድርገው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት፤ ውፍረቱን ለኩ። «ደኅና ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው «የኛው ይሻላል» አሉ። ማንጠፍ ጀመርን። ልክክ ሊል ምንም አልቀረውም።

«ተዉት» አሉ እትዬ ዘሐራ።

ቀለሙን ያልወደዱት መስሎን ካፒቴኑ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር በእጃቸው ከለከሉት።

«ዘይነባ ከሞተች ጀምሮ ስሟን የሚያነሣልኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «እንዳላዝን ብለው ነው፤ አውቃለሁ። አሁን እንግዳ በገባ ቍጥር ወለሉን ያይና ‹ይህ ምን ሆኖ ነው?› ይለኛል። የአውሮፕላኑን እነግረዋለሁ። የአውሮፕላኑን ከነገርሁ ደግሞ የዘይነባን መንገር አለብኝ። ቀዳዳውን ከደፈናችሁብኝ ማን ይጠይቀኛል?»

የኔታ ዘመናቸውን ሙሉ የሰው ንግግር ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ቅኔ ሲያቀርብ አንድ ፊደል አያሳልፉም፤ እኔ «እንደምን አደሩ» ስላቸው እንኳ የሚታረም አያጡበትም። ያን ቀን ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ቀዳዳው ሄዱ። ከዚያ ቀስ ብለው ሊሾው ላይ ቆሙና፣ «የምትታረም ነገር የለችበትም» አሉ። ለእኔም «ጠቅልለው» አሉኝ።

ጠቀለልሁት። ጋሽ እንድሪስ እስከ በሩ ሸኙን፤ ዐይናቸው ግን ከጥቅሉ ጋር ትንሽ ራቅ ብሎ ሄዷል።

ሰማያዊው ፕላስቲክ እኛ ቤት፣ ከየኔታ መደብ ሥር ተነጠፈ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖሩ፤ ተመስገን። ማለዳ ከመደባቸው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚረግጡት እሱን ነበር። ፊቱ ይጠባል፣ ኋላው ይሰፋል፣ ጎኑ በወንበር እግር ልክ ተፈልፍሏል፤ በየትም በኩል ብናዞረው ከክፍሉ ጋር ልክ አልመጣልንም። ምን ይደረግ፤ ቤታችን አውሮፕላን አይደለም።